አመልካች

ሲገዛ ነጭ ነበር፣ እንደ አይብ የነጣ፤
ዛሬ ግን ቀለሙ ወደ እርድ መጣ።
የጦሳ ጉም ነበር፣ የእጄ ላብ ነበር፣
የአሥራ አንድ ዓመት ክስ፣ ይግባኝና ሰበር።

መዳፌ ያረፈበት፣ ከመዳሰሻው ግራ፣
ሸካራው ተፍቆ ያበራል እንደ ራሰ በራ።
ጥጉ ተሰንጥቆ በፕላስተር ታስሯል፣
ባትሪው ሶኬት ካጣ ወዲያው ያንቀላፋል።
ከቁልፎቹም ቀድመው ፊደል የከዳቸው
«አ»፣ «መ»፣ «ለ»፣ «ከ»፣ «ቸ»፣ እነዚሁ ናቸው፤
አቤቱታ ሁሉ «አመልካች» ይላልና፤
«ተጠሪ» ግን ቁልፉ እስካሁን አለ ደኅና።

ማዶ ጃንጥላ ሥር አንድ ልጅ ተተከለ፣
አዲስ ላፕቶፕ ይዞ፣ ዓይን እያማለለ፤
ከፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣
«ጋሽ ይማም፣ ያ ነገር ቅቤ ነው?» እያለ።
የኩታበር ባለ ጉዳይ፣ የሐይቅ፣ የቢስቲማ፣
ወደ እሱ ያዘነብላል፣
ፍርድ የሚፈጥን ይመስል፣ ላፕቶፕ ሲሆን ብርማ።

ይዤው ወረድኩ እንግዲህ ወደ ሰኞ ገበያ፣
እንድሪስ ሱቅ ገባሁ፣ የሙት ስልኮች ማረፊያ።
መጀመሪያ አልኮል፣ ቀጥሎ የጥርስ ሳሙና፤
እድፉ ለቀቀ፣ ቢጫው ግን ቀረና፣
«አብሽር» አለኝ እንድሪስ፣ «ይሄ እድፍ አይደለም፣
ከላይ አልመጣበትም፤ የራሱ ነው ቀለም።
ኦክስጅን ቀብተን፣ የፀጉር ቤቱን፣
ፀሐይ ላይ እናስጣው፣ ጠቅልለን ፊቱን።»

ሦስት ቀን ጣሪያው ላይ ከበርበሬ ጎን ተሰጣ፤
ሁለቱን ጉም በላው፤ በሦስተኛው ፀሐይ ወጣ።

ነጣ። ግን እኩል አይደል፣ እዚህም እዚያም ዥንጉርጉር።
ራሰ በራው ያው ነው።
እንድሪስ ዝቅ ብሎ «ቢጫው ይለቃል» አለ፣
«ያለቀ ግን አይሞላም፤ መድኃኒትም የለ።»

ክዳኑ ሲቀር፣ ጥግ ላይ አንዲት ቢራቢሮ፣
መኪያ የለጠፈቻት፣ ሦስተኛ ክፍል፣ ድሮ፤
በጥፍሩ ላጣት። ከሥሯ፣ ከቢጫው መሃል፣
የተገዛ ዕለቱ ነጭ፣ በክንፍ ቅርጽ ይታያል።

«እሱን ተወው» አልኩት። «ክዳኑን?» «ክዳኑን።»
ምንም ሳይገባው ቆጠረ ብሩን።

መኪያ ቁመቷ አልፎኛል፤ ኮምቦልቻ ትሠራለች፤
ባለፈው ስትመጣ፣ አይታው፣ «ጣለው አባ» አለች።
ስለ ቢራቢሮዋ አላነሳሁባት፤
እሷም አላስታወሰችም፣ ወይ ደግሞ ረሳኋት።

ዛሬ ጠዋት አንዲት ሴት ከቢስቲማ መጣች፤
ማዶ ሰልፉ ቢረዝም ወደ እኔ ዞር አለች።
ነጩንም፣ ቢጫውንም፣ አንዱን አላየችም፤
የመሬቷን ወረቀት ከጉያዋ አወጣች።
ስሟን ሳልጠይቃት፣ ጣቴ ቀድሞኝ ሄዶ፣
ፊደል የሌለበት ቁልፍ ላይ በልምድ ወርዶ፣
«አመልካች፦» ብሎ ቆመ።

«ማን ልበል?» አልኳት፣ ቀና ብዬ።