አሥራ ሁለተኛው ቃል

ከፒያሳ ቁልቁል፣ ከማታው ትምህርት ቤት፣
መብራት እየመጣ እየሄደ በሚያሾፍበት፣
አሥራ ሁለተኛውን ቃል በጠመኔ ጻፍኩት፦
«ፐርፈንክተሪ»።
አፋቸው ውስጥ ገባ እንደ ጥሬ ሽምብራ፣
ሠላሳ ሰው አኘከው በየተራ።

«ትርጉሙስ?» አልኳቸው።
ልብስ ሰፊዋ ያለምዘውድ እጇን አነሣች፣
«ችኮላ ነው?» አለች።
አይደለም። የቸኮለ ሰው የሚደርስበት አለው፣
ልቡ ቀድሞት ሄዶ ነው እግሩ የሚከተለው።
ባጃጅ ነጂው ቢያድግልኝ «ስንፍና» ሲል ሞከረ።
አይደለም። ሰነፍ ይተወዋል፤ ሥራው እንዳለ አደረ።
ይሄኛው ግን ይሠራል፣ ሰዓቱን ጠብቆ፣
ከሥራው መካከል ራሱን ሰርቆ።
«ግብዝነት?» አለ አንዱ፣ ከመስኮቱ ሥር።
ቀረብክ። ግን ግብዝ እንኳ ለፊቱ ይጨነቃል፣
ጭምብሉን ያበጃል፣ አሳምሮ ይስቃል፤
ይሄን ጭምብሉም ሰልችቶታል።

ከኋላ ወንበር ጫኔ ተነሣ፣ ግንበኛው፣
ቀን የፋሲል ግቢን ቅጥር የሚጠግነው፣
ኖራ ጥፍሩ ውስጥ የደረቀበት ሰው፦
«ጋሼ፣ እሱማ ለግብር ይውጣ ነው።»

ክፍሉ ሳቀ።
መዝገበ ቃላቴ ሦስት መስመር ፈጅቶ ያልደረሰበትን
እሱ በሁለት ቃል ከደጃችን አነሣልን።
ግብር የተበላበት፣ ግብር የተከፈለበት ሀገር፣
ቃሉ ስንት ዘመን ቆሞ ኖሯል ከበር፣
እኛ ባሕር ማዶ ስንዞር!

«በዐረፍተ ነገር አስገባው» አልኩት።
መዶሻ እንደ ያዘ ሰው እጁን አንሥቶ፦
«አምና ክረምት አንድ ግድግዳ ሆዱን ነፍቶ
ፈታነው። ፊቱ ያማረ፣ ድንጋይ ከድንጋይ ገጥሞ፣
ውስጡ አፈርና ኮረት፣ የሲሚንቶ ከረጢት ታጭቆ ከርሞ።
የሠራው ሰው ቀን ቆጥሮ ደሞዙን በልቷል፤
እጁ እዚያ ነበር፣ እሱ ግን ሄዷል።»

«ጥሩ!» አልኩት።
ቀጠልኩ። አሥራ ሦስተኛው ቃል።

ወደ ማራኪ ስወጣ ቃሉ ተከተለኝ።
አንድ ጎረቤት «ደህና ነህ? ልጆች? ባለቤትህ?» እያለ አለፈኝ፤
ልጅም ሚስትም የለኝ።
የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ክኒኑን ስትሰጠኝ
ዐይኗ ስልኳ ላይ ነበር፤ በጣቷ መልሱን ገፋችልኝ።
ለነገ ምሳሌ ለቀምኩ፣ ኪሴን ሞላሁ፣
ራሴን ሳልቆጥር ቤቴ ገባሁ።

ደብተር ሳርም፣ በአንድ እጄ ራት፣ በአንዱ ቀይ እስክሪብቶ፣
የጫኔ ደብተር ወደ ኋላ ተገለጠ፣ እንጃ ምን አይቶ።
የሚያዝያው ገጽ። «ስለ አባታችሁ ጻፉ» ያልኩበት።
ተጠርቦ በቆመ የእንግሊዝ ፊደል፣ እየገፋ፦
«አባቴ ግንበኛ። መዶሻው ከባድ።
አባቴ ሞተ ማክሰኞ።»
ከማክሰኞ በፊት መስተዋድድ ጎድሏል፤
በቀይ ሞልቼለታለሁ።
ከታች፣ በገዛ እጄ፦
«ጥሩ። በርታ። ሰባት ከአሥር።»

ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ማለዳ ወደ ግቢው ወረድኩ። የሰኔ ደመና
ቀሐን ተሻግሮ ግንቡ ላይ ተደግፏል።
ጫኔ መወጣጫው ላይ ነው፤ ድንጋዩን ነካ ያደርጋል፣
ጆሮውን ያስጠጋል፤
ጤነኛው እንደ መረዋ፣
የታመመው እንደ ቅል ይመልሳል።

«ጫኔ» አልኩት ከታች። «የአባትህን ነገር...
አንብቤው ነበር። ግን አላነበብኩትም።
ነፍስ ይማር። እግዜር ያጽናህ።»
ስንት ለቅሶ ቤት ያደረሰኝ፣ ያስወጣኝ ቃል፣
ያንኑ።

መዶሻው አየር ላይ ቀረ።
አልተቆጣም፣ አላመሰገነም፤
ቁልቁል አየኝና
እንደዚያው፣ እንደ ድንጋዩ፣
ጆሮውን ወደ እኔ አዘነበለ።