ይስማው

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ማዳበሪያ ልወስድ፣
ደምበጫ፣ መጋዘኑ ደጅ፣ ሰልፉ ሲሄድ ሲሄድ፣
ከፊቴ ደሴ ተሸከመ፣ ከኋላዬ አለምነው፤
የእኔን ስም ጸሐፊው ዘለለው።
ቀና ሳይል፣ በእስክሪብቶው ጫፍ፣
«ያንተ እዚያ ነው» አለኝ፤ የጸጥታ ቢሮ ደጃፍ።

ይስማው ነው የሚባል። አባቱን አውቃለሁ፤
በርበሬ ልንሸጥ ጅጋ ድረስ አብሬው ሄጃለሁ።
እናቱ ስም ስታወጣ ምን ታይቷት ነው?
ልጅ አድጎ፣ ጢም አውጥቶ፣ መስማት ሆነ እንጀራው።

«ተቀመጥ» አለኝ። ተቀመጥሁ። ከመሳቢያው ፎቶ አወጣ፤
እኔ ከወንበሬ ሳልነሣ ልቤ ብድግ ብላ ወጣ።

አዝመራ ናት። ልጄ። ዘጠኝ ዓመት ያላየኋት፤
ኦስሎ፣ ኤምባሲው ደጅ፣ የካቲት፣ በረዶው እግሯን ውጦት፣
ጓንት በሌለው እጇ ካርቶን ይዛ፣
ጉንጯ ጎድጉዶ፣ ካፖርቷ በዝቶ፣
አፏ እንደተከፈተ ቃሉ ብርዱ ውስጥ ቀርቶ።

«ይቺ ማን ናት?» አለኝ፣ እንደማያውቃት።
አራተኛ ክፍል ደብተር ያዋሰችው እሷ ናት።

«እኛ እዚህ ስንለፋ፣ እሷ ባሕር ማዶ ቆማ
ስማችንን ታጠፋለች። ደውል፤ ዝም በላት፤ አንተን ትስማ።
ዝም ካለች ነገ ጠዋት ሦስት ጆንያ አሸክምሃለሁ፤
ካላለች... የመሬትህን ደብተር እንደገና አየዋለሁ።»

እኔ ግን ፎቶው ላይ ነበርሁ፤
ሸካራ አውራ ጣቴን በፊቷ ላይ አዞርሁ።
አራሽ ነኝ፤ ርቀት በዓይን እለካለሁ፤
ከቦይ እስከ ቦይ ስንት እርምጃ እንደሆነ ሳልቆጥር አውቃለሁ።
ይኼን ያነሣ ሰው ሩቅ አልነበረም፤
በስተግራዋ ነው፤ ከክንድ አይዘልም።
ከእሷ ጋር የቆመ፣ ከእሷ ጋር የጮኸ፣ መፈክር ያስያዘ፣
ምናልባት «በረደሽ» ብሎ ሻይ እየገዛ እጇን የያዘ።

ይስማው ደወለ። ድምፁን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።
ጠራ። ጠራ። «ሃሎ?» ስትል፣ እጄን ምን እንደማደርገው
ጠፋኝ።

«አባ? ምነው? ማን አለ አጠገብህ?»
«ይስማው» አልኋት።
ዝም አለች። ዝምታዋን በጆሮዬ ለካሁት፤
ስሙንም ሰማች፣ ትእዛዙንም።

«ዝም በይ ተብለሻል፤ ብያለሁ፣ አድርሻለሁ።
ሌላው ወሬ የእርሻ ነው» አልሁና ምራቄን ዋጥሁ።
«አዝመራውን የሚያሰጋው በግራ በኩል ያለው ካስማ ነው፤
ክንድ አይርቀው፣ ላየው ሰው የደገፈው የሚመስለው፣
ውስጡን ግን ምስጥ ጨርሶታል። ደግሞ አንቺ፣
በዚያ ብርድ እጅሽን ያለ ጓንት አታንገላቺ።»

ይስማው ሰማ። ሰምቶ አዛጋ።
ጎጃም ተወልዶ ጆሮ እንዲህ ይዘጋ?

«ገባኝ፣ አባ» አለች ቆይታ። «ካስማውን እነቅለዋለሁ።
አንተስ ዘንድሮ በምን ልትዘራ ነው?» «በፍግ» አልሁ።

ዩሪያ አልሰጡኝም። በቆሎዬ ቢጫ ሆነ፤
ቁመቱ ከጉልበቴ ሳያልፍ ፀጉሩን አውጥቶ መነመነ።
ልጄም ዝም አላለችም።

ጥር ላይ ይስማው ደግሞ ጠራኝ። አዲስ ፎቶ።
ወረወረልኝ፣ ጠረጴዛውን በጡጫ መትቶ።

በስተግራዋ ማንም የለ። ባዶ በረዶ ነው።
ያነሣት ከአስፋልቱ ማዶ ቆሞ፣ ከሠላሳ እርምጃ ነው።
እሷ ግን አግኝታዋለች፤ ካርቶኗን መሬት አድርጋ፣
ወደ ካሜራው ዞራ፣ አንገቷን ሰግጋ፣
ፎቶው የት እንደሚደርስ፣ በማን እጅ እንደሚገባ አውቃ፣
ሁለት እጇን ወደ ላይ፣ ጣቶቿን ዘርግታ፣ ስቃ—
ጓንት። ቀይ፣ የሱፍ ጓንት።

«እሺ፣ አሁንስ ምን ትላለህ?» አለኝ ይስማው።
«ወፍራለች። እግዜር ይስጥህ» አልሁት፤
«ቀጣዩ መቼ ይደርሳል?»