አጥንት ቆጠራ

አባቴ አጥንት ሲቆጥር፣ በስም ነው የሚቆጥረው፤
ከእኔ ተነስቶ ሽቅብ፣ ሰባት ቤት ላይ ነው የሚያድረው።
እኔ ግን ፔዳ ግቢ፣ በሁለተኛ ዓመቴ፣
ከቁርጭምጭሚት ጀመርኩ፤ አላወቀልኝም አባቴ።

«ምንድነው የምትማሪው?» ይለኛል በየእረፍቱ።
«ሥነ ሰብ፤ የሰው አካል፤ አጥንቱ፣ ጥርሱ፣ ጥንቱ።»
«ሐኪም ልትሆኚ ነዋ?» — «አይ፤ የእኛ በሽተኛ አይድንም።»
«ታዲያ ማን ይቀጥርሻል?» — እሱን ገና አላወቅሁም።

ቤተ ሙከራው ጥግ፣ ካርቶን ውስጥ፣ አንድ ሰው አለ ተጋድሞ፤
ፕላስቲክ ነው። «ጋሼ» ይባላል፤ ስም ያወጡለት ልጆች ተመርቀዋል ቀድሞ።
ሁለት መቶ ስድስት መሆን ሲገባው አንዲት ትጎድለዋለች፤
የግራ ትንሿ ጣቱ ጫፍ፣ በየትኛው ዓመት እንደሆነ፣ ጠፍታለች።
መምህር ሙሉሰው (ስሙ ነው፤ እኔ አላወጣሁለትም)
«ስትቆጥሩ አትዝለሏት» ይላል፤ «የጠፋ ሁሉ የለም አይባልም።»

ጥርስ ላይ ያለ አግድም መስመር የክፉ ጊዜ ጽሑፍ ነው ሲለን፣
ማታ በዶርሙ መስታወት ሁላችንም ከንፈር ገለጥን።
ሁለት ቀጫጭን መስመር አለኝ። እናቴ ጋ ደወልኩ።
«አንዱ ኩፍኝሽ ነው» አለች ወዲያው።
ስለ ሁለተኛው ዝም አለች፤ እኔም አልደገምኩ።

ግንቦት ላይ ባሕሩ ሲሸሽ፣ ወራሚት ጭቃው ሲሰነጠቅ፣
እምቦጩ ደርቆ ሲንኮሻኮሽ፣ የደንገሉ ሥር ሲራቆት፣
የታንኳ ሰዎች አንድ አጥንት አገኙ፤
ረጅም፣ ነጭ፣ እንደ ማጭድ የጎበጠ።
«እንግዲህ ተምረሻል፤ ነይ» አለ አባቴ በስልክ፤
ለትምህርቴ የመጀመሪያውን ሥራ ሰጠ።

ካሊፐር በቦርሳዬ ይዤ (የትምህርት ክፍሉ ነው፤ ሳላስፈቅድ ወሰድኩት)
በባጃጅ ደረስኩ፤ ሰዉን ክብ ሠርቶ አገኘሁት።
መሐል እትዬ ይመኙሻል፣ ነጠላዋን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቃ፣
የተጠቀለለ ነጭ ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ይዛ፣ አጥብቃ።
ባሏ አለኸኝ ይባል ነበር።
ዘጠኝ ዓመቱ፣ ከነታንኳው ከሄደ፤
ጋቢውን አጋድመው አለቀሱለት፤ መቃብሩ ጋቢ ወሰደ።
«እሱ ነው?» አላለችኝም።
«እሱ ነው በይኝ» አለችኝ።

አነሳሁት። ከበደኝ። የሰው ጎድን እንዲህ አይከብድም፤
እንደ መቅዘፊያ ሰፊ ነው፤ ለሰው ደረት አይገጥምም።
ለካሁት፤ እጄ ተንቀጥቅጦ ቁጥሩ ሦስቴ ተለያየ፤
ሦስቱም ቁጥር ጉማሬ ነው፤ አንዱም ሰው ሆኖ አልታየ።

ከቆመው ሁሉ ይህን ፊደል የማነብ እኔ ብቻ ነኝ።
አንድ ቃል ብል፣ ነገ ጠዋት ካህን ይጠራል፣
አፈር ይቆፈራል፣
ለአንዲት ሴት የምትቀመጥበት ድንጋይ ይኖራል።
ማን ይጎዳል? ጉማሬው?
መምህር ሙሉሰው ይህን ለፈተና አላወጣውም።
አባቴ መሬት መሬት ያያል፤ አላገዘኝም።

«አይደለም» አልኩ። «የጉማሬ ጎድን ነው።»
ማንም አልተናገረ። ከዳር አንድ ሻላ ተነሳ፣
ክንፉ ውሃውን ሁለቴ መታው።

እትዬ ይመኙሻል ጨርቁን ቀስ ብላ ፈታች፤
አጥንቱን ጭቃው ላይ አኖረች።
ጨርቁን ግን አራገፈች፣ በአራት አጠፈች።
«እሱ ቀጭን ነበር» አለች።
«እኔም ሳነሳው ከብዶኝ ነበር።»

ስንመለስ አባቴ ብዙ መንገድ ዝም ብሎ ሄደ።
ከዚያ፣ «ሰው ሲሞላ ስንት ነው?»
«ሁለት መቶ ስድስት።»
«የአለኸኝም?»
«የአለኸኝም።»
ቆመ። ወደ ባሕሩ ዞረ፤
ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤
በስም አልነበረም።