ናሙና ቁጥር አርባ አንድ

ኦልያው፣ ከከተማው ጀርባ፣ ባቡር ሲያልፍ ከሚርደው ግንብ ማዶ፣
ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይገባል፤ ሁለቴ ይወጣል፣ አጎንብሶ፣ ተዋርዶ።
ሲሄድ የተወው ጭቃ ላይ፣ እንደ ሕፃን ጣት የወፈረ፣
ቅጠል አልባ፣ መጋጠሚያው እንደ አንጓ የታሰረ
አረንጓዴ ነገር ይበቅላል። በመስከረም ይቀላል፣ እንዳፈረ።

ዲዮሊንዱ ስም አልሰጠውም። ሰባ ዓመቱ ነው፤ ጨው አምራች።
"አረም" ይለዋል፤ ከገንዳው ዳር ነቅሎ ይወረውረዋል፣ በስልቹ እጆች።
እኔ ግን በቦት ጫማ፣ በፕላስቲክ ከረጢት፣ በእርሳስና በመቀስ፣
ጎንበስ ብዬ እለቅማለሁ፤ ቁጥር እጽፋለሁ፣ አንዱም ሳይበጠስ።
አርባ አንድ።
"ለሰላጣ ነው?" አለኝ አንድ ቀን። "ለሕዋስ" አልኩት። ሳቀ።
"ሕዋስ ጨው ይወዳል?" እኔም አላወቅሁ፤ እሱም አላወቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨው ሥር ያደርቃል፣ ቅጠል ያጠወልጋል፤
ጨው በረገመው መሬት ስንዴው የት፣ ወይኑስ የት ያድጋል?
ይህኛው ግን ይጠጣዋል። በየሕዋሱ ትንሽ ጓዳ አበጅቶለት፣
ጠላቱን እቤቱ አስገብቶ ይኖራል፣ በሩን ከውጭ ቆልፎበት።
እኛ የምንፈልገው፣ ፀሐይ ሳይራራ፣ ውሃው ሳይለወጥ፣
ተክሉ ብቻውን የቀመመውን፣ ያንን የመከራ ወጥ።

አደረቅነው። ፈጨነው። በአልኮል ዘፈዘፍነው ሦስት ሌሊት።
ከአንድ ጆንያ የተረፈው፣ ጥፍር የማይሞላ ዝፍት።
ዘጠና ስድስት ጉድጓድ ባለው፣ ከመዳፍ በማይበልጥ ሳሕን፣
የጉበት ካንሰር ሕዋስ ዘርተን፣ ጠብታ በጠብታ አጠጣን።
ማክሰኞ ጠዋት፣ ማይክሮስኮፑ ሥር፣ ግማሾቹ አልነበሩም፤
የቀሩት ተኮራምተው፣ ለሁለት መከፈል አልደፈሩም።
ፕሮፌሰሯ መነጽሯን አወለቀች። "ድገሚው" አለች። ደገምኩት።
"እንደገና።" እንደገና ደገምኩት።
ከዚያ መስኮቱ ሥር ያለውን በረኪና አሳየችኝ። "ይሄም ይገድላል።
ሳሕን ሰው አይደለም፤
ሳሕን አያስታውክም፤ በሌሊት ተነሥቶ ውሃ ስጡኝ አይልም።"

ወሬ ግን ከባሕሩ ይቀድማል፤ በር ሲዘጉበት በመስኮት ይገባል።
ዲዮሊንዱ ደጃፍ ቆሞ ጠበቀኝ፣ ባርኔጣውን እንደ ፎጣ እየጨመቀ፣
ጥፍሩ ውስጥ ጨው የነጣ፣ ፊቱ በፀሐይ የደረቀ።
"ዙልሚራ" አለ። "ጉበቷ ነው። ሆስፒታሉ በቃ ብሏል።
ያ አረም... እኔ ጋ እኮ በጋሪ ሙሉ ተጥሏል።
ስንት እፍኝ ልንቀል? ስንት ሰዓት ላፍላ? ንገሪኝ።"
ከማውቀው ሁሉ የሚሰጥ ፈለግሁ፤ ያለኝ እውነት አጠረኝ።
"ሰባት ዓመት" አልኩት። "ምናልባት አሥር። ምናልባት ምንም።
አይጡ አለ ገና፤ መርዙ አለ ገና፤ ልኩን ማንም አያውቅም።"
"ሰባት ዓመት" አለ። ጣቶቹን አየ። ከባርኔጣው ጨው ረገፈ።
ሌላ አልተናገረም፤ ጋሪውን እየገፋ በግንቡ ጥግ አለፈ።

ጨውን "ለራስህ ስትል ጣፍጥ" ይሉታል፤ ካልጣፈጠ ድንጋይ ነው፣ ይጣላል።
በጨው የኖረውን ግን ማን ይመክረዋል? ጣፍጦም አረም ይባላል።

በኋላ የሰማሁትን ልናገር፦ ሐኪሟ ጨው ከልክሏታል፤
አርባ ዓመት ከጨው ጋር የኖረችን ሴት፣ ጨው ተይ ብሏታል።
እሱ ግን ሦስት ቅንጣቢ፣ በጉድጓድ ውሃ ሰባቴ አጥቦ፣ ከእንቁላል ጋር አቀረበላት።
"መድኃኒት ነው?" ብትለው፣ "አይ፣ አረም ነው" አላት።
ሳቀች አሉ። አንዷን በላች፤ ሁለቱን ለእሱ ተወችለት።

በኅዳር የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተሰማ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤
ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ፣ አርባ አንድን ከማቀዝቀዣው አውጥቼ፣ አይቼው፣ መለስኩ።

በሚያዝያ ወደ ረግረጉ ወረድኩ። የክረምቱ ጭቃ ከገንዳው ይዛቃል።
ያ አረንጓዴ ነገር ዳር ዳሩን አዲስ ጣት አውጥቷል፤ ዲዮሊንዱ አልነካው፤
አካፋው እዚያ ሲደርስ ዞሮ ያልፋል፣ የተኛ ሰው እንዳያነቃው።
"ስንት ቀረ?" አለኝ ከሩቅ፣ ቀና ሳይል።
"ስድስት" አልኩት። "ምናልባት።"
ራሱን ነቀነቀ፤ ባሕሩ ሳይመለስ የሚዝቀው ጭቃ ነበረበት።