ሰደፉ

ገበያው ሲበተን፣ ከተምጫ ማዶ ሰው መንገድ ሲጀምር፣
የሻረግ ደረሰች፣ በጋቢ ጠቅልላ አንድ አሮጌ ምንሽር።
ደጃፌን አላለፈች፤ እናቷም አያቷም አላለፉትምና፣
የባለእጅ ቤት ነው፣ ማንም ሳይነግራቸው የሚያውቁት ነውና።
ከድንጋዩ ላይ ቆማ ዘርግታ ሰጠችኝ፣
«ይኸ የአንሙት ነው? ወይስ አይደለም?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ታጣቂ መጥቶ ነው ከቤት የወሰደው፣
ባሌም ተከትሎት አልተመለሰም ሰው።
ሃያ ስምንት ዓመት ባይኔ ስፈልገው፣
ትናንት ከቡሬ ሰው፣ ላም ከነጥጃዋ ሰጥቼ ገዛሁት።»

ቃል አላወጣሁም። ኩራዜን አቀረብሁ፣
ጨርቅ በላምባ ነክሬ ዝገቱን ጠረግሁ።
ብረት ዝም ይላል እንጂ ዋሽቶ አያውቅም።

የአፈሙዙ ቁጥር በአምስት ይጨርሳል፣
የመዝጊያው በዘጠኝ፣
የካዝናውን ደግሞ ሞረድ በልቶታል።
አንድ የፈረንጅ አንበሳ፣ ዘውዱ የተፋቀ፣
ከላዩ ላይ ሌላ ማኅተም የወደቀ፤
አንዱ ጦር ከሌላው ማርኮ፣ ስም ፍቆ፣ ስሙን ያደመቀ።
ማነጣጠሪያው የናስማስር ነው፣
ቃታው ከለበን የተነቀለ ነው፣
አንዲቷ ብሎን፣ በሰማይ አምላክ፣ የልብስ ስፌት መኪና ናት።
«የሻረግ፣ ይኸ ጠመንጃ አይደለም፣ ማኅበር ነው»
ልል አልሁና ፊቷን አይቼ ተውሁት።

ሰደፉን ፈታሁት።
ከብረት ክዳኑ ሥር፣ ጮማና አቧራ ከተጋገረበት፣
የአባቴ ምልክት፦ ሦስት ነጥብ፣ አንድ ጭረት።
ፊደል አልቆጠረም፤ ቢቆጥርስ ኖሮ ማን ሊፈቅድለት፣
በጌታ ጠመንጃ የቀጥቃጭ ስም ሊጻፍበት?
እና ይፈርም ነበር፣ ብሎን አጥብቆ ከሚደብቅበት።

ዓይኗ ሲበራ አየሁ።
«ቆይ» አልኋት፣ «ይኸ ምስክር አይሆንም፤
የደንበጫን ጠመንጃ ግማሹን አባቴ ሳይነካው አልቀረም።»

ያን ጊዜ አውራ ጣቴ ከዓይኔ ቀድሞ አንድ ነገር አገኘ።
የሰው ሁሉ ሰደፍ የሚለሰልሰው በግራ ጎኑ ነው፣
ቀኝ ጉንጭ ሲያርፍበት።
ይኸ በቀኝ ጎኑ ጎድጉዷል።
ያ አባቴ የጠረበው ዋንዛ ላብ ጠጥቶ ጠቁሯል፣
ሳላሚ እንደ በዛበት የቤተክርስቲያን መቃን ያበራል።

«አንሙት ግራኝ ነበር?»

አልመለሰችም። ጣቷን አንስታ ግራ ጉንጯን ነካች፣
«እዚህ ጋ ጠቁሮ ነበር» አለች።

«እንግዲያ ስሚኝ፤ እንጨቱ የሱ ነው።
ብረቱን አላውቀውም። የሰው ነው።
ከምርኮ ክምር ላይ፣ አንዱን ካንዱ ገጥመው፣
ማን ይሁን ማን ሳይሉ የሸጡት እንደሁ ነው።»

«ብረቱን አውጣልኝ።»
«ላምሽስ?»
«ላምን ላም ይተካታል።»

አወጣሁላት። እንጨቱን ብቻ በጋቢው ጠቀለለች፣
ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞር አለች።
«ያ ነጥብ የሚያደርገው፣ አባትህ፣ ስሙ ማን ነበር?»
ስድሳ ዓመት ሙሉ ጎረቤታችን ነበረች።
«ይስማው» አልሁ።
«ይስማው» አለች፣ አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብላ፣
ዕዳ እንደሚቆጥር ሰው። ከዚያ ቁልቁል ወረደች።

ብረቱ ይኸው ከግድግዳዬ ላይ።
ሰኞ መዝጋቢው ይመጣል፣ ስለ እንጨት ግድ የለው፣
«ቁጥሩ?» ይላል፣ ሦስት ነው፤ «ባለቤቱ?» ይላል፣ ምን ልበለው?
ማታ ማታ ኩራዙን አስጠግቼ በአምስት የሚያልቀውን አያለሁ።
ያን ቁጥር በቃሏ የምትይዝ አንዲት ሴት፣
ደጀን ትሁን፣ ዳንግላ፣ ወይ ከዓባይ ወዲያ ማዶ፣
ዛሬም ገበያ ወጥታ ላሟን እያሰበች የሰው ትከሻ ታያለች።