ዘጠኝ ሳንቲም

ከቦርከና ወዲህ፣ ከመናኸሪያው በታች፣
ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ፍቅፋቂ ስትተፋ የኖረች
ቶርኖ ቤት አለችኝ።
በግራዋ ቶርኖ፣ በቀኟ ፍሬዛ፣
መካከላቸው ስድስት እርምጃ።
ቶርኖው ላይ የዞረው ዘንግ ይፈታና፣
ይማም እንደ አራስ ልጅ፣ ትኩሱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣
ስድስቷን ቆጥሮ ያሻግርና
ፍሬዛው ላይ ያስረዋል፣ ቁልፉን በክንዱ አክርሮ።
ጥፋት የምትገባው በዚያች መንገድ ነው፣
በመፍታትና በማሰር መሐል፤
ከሚሊሜትር መቶኛው ሦስቱ፣ አራቱ፣
ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ከአይሱዙ ጆንያ እንደሚፈስ ማሽላ
እዚያው ይቀራል።

ጦይባ፣ የወንድሜ ልጅ፣ ኢንጂነር ናት አሁን፤
አንድ ማለዳ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አምጥታ
«አጎቴ፣ ይሄን እየው።
አንድ ማሽን ነው፣ ሁለት ሙያ ያለው፤
ብረቱን ይዞ ያዞራል፣
ሲሻው ብረቱን አቁሞ መሳሪያውን ያዞራል።
አንዴ ታስረዋለህ፤
ስትፈታው አልቋል።»
«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አልኳት።
«ይሄ ይወጣል» አለች። ሳቀች። አልሳቅኩላት።

ወኪሉ ከአዲስ አበባ መጣ፣ ጫማው እያብረቀረቀ፣
ወለሌ ላይ ያለው ዘይት እንዳይነካው እየተጠነቀቀ።
የታይዋኑን፣ የቻይናውን፣ አሮጌውን የጃፓን
በየተራ አነበበልን፤
ስንት አክሲስ፣ ስንት መሳሪያ፣ ስንት የፈረስ ጉልበት፣
ሁለተኛ ጭንቅላት ይኑረው ወይስ ይቅርበት
(እሷ ብቻዋን የአንድ ቤት ዋጋ ናት)።
እኔ ግን ደብተሬን ነበር የማገላብጠው፦
የሐርቡ ወፍጮ፣ የተሰበረ ዘንግ፤
የባቲ ጋሪ፣ አክስል፤
የጨርቃ ጨርቁ ሮለር፣ ሁለት፤
አሁንም ወፍጮ፣ አሁንም ዘንግ፣ ያልተከፈለ።
ማሽን የሚመረጠው በሚችለው ነው
ወይስ ሰው ተሸክሞ ደጁ በሚያመጣው?

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፤
«መሳሪያው ብረቱን እንደነከሰ
ድንገት መብራት ቢሄድስ?»
ስኳር ያልገባበትን ሻይ አማሰለ።
«ጄኔሬተር» አለ ቆይቶ፣ «ዋጋው ለብቻ ነው እሱ።»

ይሄን ሁሉ ይማም ከፍሬዛው ሥር ይሰማል።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ቢላው ሲዶለዱም
ከድምፁ የሚያውቅ፣ ሳያይ የሚያቆም፤
ያን ቀን ጆሮው ወደኛ ነበር፣
እጁ ግን አልተንቀጠቀጠም።
ክፋት ይሁን ፍርሃት፣ እንጃ፣
ከሌላው ሁሉ ለሱ ሰጠሁት ሜትሩን፤
«በሩን ለካልኝ።»
ከታች ለካ። ከመሐል ለካ።
በርሜል ላይ ወጥቶ ከላይም ለካ።
«ዘጠኝ ሳንቲም ይጎድላል፣ ጋሽ ኑርየ።»
ባንኩም ያለኝ ይህንኑ ነበር፣
የሱ ሳንቲም ብቻ በሜትር አይለካም።
አልሐምዱሊላህ ልል ከንፈሬ ተላቆ ነበር።
በር ጠበበ ብሎ ሐሳቡን የተወ ሰው
ማን ይወቅሰዋል?

ይማም ከኪሱ ጠመኔ አወጣ፣
ብረት የሚያሰምርበትን፤
የቶርኖውን ጎን አልፎ
በቀኝ፣ በፍሬዛው በኩል፣
ብሎኬቱን ከላይ እስከ ታች አሰመረው፣ ዘጠኝ ሳንቲም።
«የሚፈርስ ከሆነ በኔ በኩል ይፍረስ» አለና
ጨርቁን ይዞ ወደ ዘንጉ ተመለሰ።

አልገዛሁም እስካሁን። ግንቡም አልፈረሰ።
ጦይባ መጠየቅ ትታለች፣ ወኪሉ መደወል።
እኔ ግን ማለዳ በሩን ስከፍት
ቀኝ ትከሻዬ ግድግዳውን ይዳብሰዋል፤
ነጭ ይዤ እገባለሁ፣
ቀኑን ሙሉ አላራግፈውም።