ሦስት ቢከር

ኅዳር ነው። ቡሬ ላይ በርበሬ ተሰጥቷል፤
ከመናኸሪያው በር እስከ ወፍጮው ቀልቷል።
የጥላዬ ማሽን እንደ ሰው አስነጥሶት
ዲግሪዬን ሲተፋው፣ ጥቁር መስመር ጥሎበት፣
«ማኅተሙ ይታያል» ይለኛል አጥፎ፣
«ስሙን ማን ያነባል እዚያ ድረስ አልፎ!»

ቀን ዘጠነኛ «ሐ» ነኝ፣ ጠመኔ በእጄ፤
ሰባ ስድስት ተማሪ፣ ስልሳው ወዳጄ።
ማታ መብራት ካለ ከላፕቶፔ ፊት፣
ከሌለ በስልኬ፣ በሁለት ጣት፣
«ዓላማሽን ግለጪ» የሚል ሣጥን አለ፣
በአምስት መቶ ቃል ዙሪያው የተከለለ።
ዓላማዬ ረዥም፣ እንግሊዝኛዬ አጭር፤
ስጽፍ፣ ስሰርዘው፣ ይጮሃል አውራ ዶሮ ከአጥር።

ማመልከቻው ብቻ ሰባ አምስት ዶላር።
«በበርበሬ ስንት ነው?» አለችኝ እናቴ።
ነገርኳት። ቁናዋን ወረወረች፣ በሞቴ!
«ለመጠየቅ ብቻ ይህን ካስከፈሉ፣
እምቢ ለማለትማ ስንት ይጠይቃሉ?»
ስለዚህ ጻፍኩላቸው፣ ጨዋ ቃል አምጥቼ፣
ኪሴ ባዶ መሆኑን፣ «እባካችሁ» ረጭቼ።

መሪጌታ ልሳነወርቅ በአጥር አሻግረው
«መምህርሽ ማን ይባላል? ሙያውስ ምንድን ነው?»
«አላውቀውም» ስላቸው ጢማቸውን ይዘው ሳቁ፦
«የእኛ ማመልከቻ እግር ነው፤ ማስረጃውን
ውሾች ናቸው በባታችን ያረቀቁ!»

ሁለት ደብዳቤ ደርሷል። ሦስተኛው ቀርቷል።
ዶክተር ይርሳው ጡረታ ወጥተው ቀፎ ያያሉ፤
«ዓይኔ ደክሟል፤ አንቺው ጻፊው፣ ልፈርም» ይላሉ።

እኔን፣ በእሳቸው አፍ!
«እጅግ ጎበዝ ናት» አልኩ፤ ሰረዝኩት ወዲያው።
«ታታሪ ናት» አልኩኝ፤ ጆሮዬ ጋለ ከነጉትቻው።
አጎቴ ምኒችል ሠርግ ላይ ሲፎክር
ራሱን ሰማይ ይሰቅላል፣ ዱላው ሲሽከረከር፤
እሱ ግን በገዛ ስሙ፣ ያውም በጠላ ኃይል ነው፤
የእኔ በሰው ከንፈር የገዛ ጉንጭን መሳም ነው።
ሌሊቱን ሙሉ ሳምኩት። አንድ ገጽ ሞላ።

ቅዳሜ ማንኩሳ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ጅጋን አልፌ፣
ከበርበሬ ጆንያ ጋር ተቃቅፌ፣
ደምበጫ ወረድኩ፣ ደብዳቤውን በፌስታል አጥፌ።

አነበቡት፣ መነጽራቸው በክር ታስሮ።
አንዲት ንብ አንቀጽ ሁለት ላይ ዐረፈች፣
ማር ያለ መስሏት ተሰውሮ።
«ጎበዝ» — ጭረት። «ብልህ» — ጭረት። «ትጉ» — ጭረት።
ከዚያ በገዛ እጃቸው፣ በሚንቀጠቀጥ ጣት፦
«ባንቺአምላክ ሦስት ቢከር ሰብራለች፣ ሦስቴም ማንም ሳያይ፤
ሦስቱንም መጥታ ነግራኛለች።»
ፊርማው ከታች ቦታ አጥቶ፣ ሰፈረ ከላይ።
የኢሜይላቸውን የይለፍ ቃል
በክብሪት ጀርባ ጽፈው ሰጡኝና፣
«እኔ የማውቀው ይሄን ነው፤ ሌላውን አንቺ ታውቂያለሽ፤
ቆይ ማር ልቁረጥልሽ፣ ምን አስቸኮለሽ?»

እሑድ ሌሊት ኔትወርክ መጣ። ላኩት።
ክቧ ዞረች፣ ዞረች።
እናቴ ከኋላዬ ቆማ «ምንድን ናት?» አለች።
«መንገዱ ናት» አልኳት።
ዘጠና ስምንት ላይ ቆመች።
«ደክሟት ይሆናል» ብላ እናቴ ተኛች።

ሰኞ፣ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ።
ወደ ሰሌዳው ዞሬ ነበር፣
ኳ! አለ፤ የትምህርት ቤቱ የመጨረሻ ቢከር።
ዞር ስል ሰባ ስድስቱም ወለሉን ያያሉ፣
እንደ አዲስ ሲሚንቶ፣ ገና እንዳልረገጡት።
ስልሳው ወዳጄ፣ ዝም።
አሥራ ስድስቱም፣ ዝም።
ጠመኔዬን አስቀመጥኩ።
ጠበቅሁ።